የሃምሳ አለቃው የኮዳ ኩባያ

መምህሩ፦ ስምንት!

ጎሚስታው፦ አሥራ ስድስት።

መምህሩ፦ ስምንት ነው አልኩህ! በገዛ እጄ፣ በመሰርሰሪያ የበሳሁትን ቀዳዳ አንተ ልትቆጥርልኝ ነው?

ጎሚስታው፦ እኔም በገዛ ጣቴ እየነካሁ ነው የቆጠርኩት፣ መምህር። አሥራ ስድስት ነው።

[ክርክሩ የተነሣው ከአንዲት የጎማ መጠገኛ ቤት ጓሮ፣ በተከመሩ አሮጌ ጎማዎች መካከል ነው። ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። መምህሩ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ዛሬ ግን የተተኮሰ ሱሪውን እንደ ለበሰ በርከክ ብሎ ከአንዲት ትንሽ የብረት ምድጃ ጋር ተፋጧል። ምድጃዋ ወታደር ሜዳ ሲወርድ ከወገቡ የማይለያት ዓይነት ናት። ኮዳው ኩባያው ውስጥ ይገባል፤ ምድጃዋ ደግሞ እንደ ካልሲ ከኩባያው ሥር ትጠለቃለች። ማብሰል ሲፈለግ ምድጃዋ ትወልቅና መሬት ላይ ትቆማለች፤ ኩባያው ግማሽ ጎኑን ውስጧ ደብቆ አናቷ ላይ ጉብ ይላል። ችግሩ፣ ኩባያው ጉብ ባለ ቁጥር እሳቱ ታፍኖ መጥፋቱ ነው። ስለዚህ መምህሩ ለምድጃዋ የአየር መግቢያ ሊበሳላት ቆረጠ፤ በሳላትም። አጠገቡ የቆመው ጎሚስታ የጎማ ቤቱ ባለቤት ሲሆን፣ መምህሩ ሊያገባት የሚመኛት ልጅ ታላቅ ወንድም ነው። ነገር ቶሎ አይገባውም ይሉታል፤ በተለይ መምህሩ።]

መምህሩ፦ ወንድሜ፣ ቀዳዳን ከውጭ ብታየውም ከውስጥ ብታየውም ያው አንድ ቀዳዳ ነው። አንተ ሁለቴ እየቆጠርከው ነው።

ጎሚስታው፦ ሚስማር በካላማዳሪ በዚህ በኩል ገብቶ በዚያ በኩል ሲወጣ፣ እኔ ሁለት ቦታ ነው የምለጥፈው።

መምህሩ፦ ይህ የጎማ ካላማዳሪ ነው? ምድጃ ነው እኮ!

ጎሚስታው፦ ምድጃዋ ብቻዋን ብትሆን ኖሮማ...

መምህሩ፦ ስማኝ። ስስ ብረት ብቻውን ሞርሳ ሲነክሰው ይጨማደዳል። እንዳይጨማደድ ውስጡ ጠንከር ያለ ነገር አስገባሁ፤ አጥብቄ አሰርኩ፤ በሳሁ። ይህ መላ ይባላል። መላ ደግሞ ከትምህርት ይገኛል።

ጎሚስታው፦ ያስገባኸው ጠንከር ያለ ነገር ግን...

መምህሩ፦ ጭራሮ!

[ጎሚስታው ጭራሮ አቀበለ። ጠዋት ሥራ ሲከፋፈሉ የደረሰው ሞርሳ መያዝና ጭራሮ ማቀበል ነበር።]

መምህሩ፦ ለመሆኑ ዛሬ ምን ቀን እንደ ሆነ ገብቶሃል? አባትህ ስድስት ሰዓት ሲሞላ በዚያች በር ይገባሉ። እህትህ እሺ ካለችኝ ሰባት ወር አለፈ። እሳቸው ግን ምን አሉ?

ጎሚስታው፦ «ሜዳ ላይ፣ በራሱ እጅ በለቀመው ጭራሮ፣ በእኔ ኩባያ ውሃ ያፍላ። ውሃ ማፍላት ያቃተው ሰው ልጄን አይወስድም።»

መምህሩ፦ ሌላስ?

ጎሚስታው፦ «ምድጃዋን እንደ ፈለገ ያድርጋት፤ ኩባያዬን ግን አደራ።»

መምህሩ፦ [እየሣቀ] ሽማግሌ ሲባሉ መቼም! ኩባያ ደግሞ ምን ይሆናል ብለው ነው!

[ጎሚስታው አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። መምህሩ ክብሪት ጫረ። ጎሚስታው አፉን ገጠመ።]

መምህሩ፦ እሳት ሦስት ነገር ይሻል፦ የሚነድ ነገር፣ ሙቀትና አየር። በእኛ ጊዜ በሳይንስ መጽሐፋችን ውስጥ ሻማ ላይ ብርጭቆ የሚደፋ ልጅ ሥዕል ነበረ። ቁምጣው ማንገቻ ያለው፣ ፀጉሩ ወደ አንድ ጎን የተበጠረ። ታስታውሰዋለህ?

ጎሚስታው፦ እንዴት እረሳዋለሁ! ሻማው ሲጠፋበት ለምን ፈገግ እንዳለ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

መምህሩ፦ ዕውቀት አገኘ ነዋ!

ጎሚስታው፦ በጨለማ?

መምህሩ፦ ወይ ጉድ! ከማን ጋር ነው የምዛመደው እኔስ!

[እሳቱ ተያያዘ። በቀዳዳዎቹ አየር እየሳበ፣ እንደ ድመት እያንኮራፋ ነደደ። መምህሩ ልቡ ዘለለ። በዓይነ ኅሊናው የሠርጉ ድንኳን ታየው፤ እሱ ከመሐል ቆሞ እንግዳውን ሁሉ ስለ አየር ዝውውር ሲያስረዳ፣ ሙሽሪት በኩራት ስታየው፣ እንግዳውም ምግቡን ረስቶ ሲያዳምጥ።]

መምህሩ፦ አየሃት? አየሃት ስትተነፍስ? በል ኩባያውን አስቀምጥና ውሃ ቅዳ። እስከ አፉ!

ጎሚስታው፦ እስከ አፉ አይደርስም።

መምህሩ፦ ለምን አይደርስም?

ጎሚስታው፦ መንገድ ላይ ይቀራል።

መምህሩ፦ ቅዳ አልኩህ!

[ውሃው ከኮዳው እየተንቆረቆረ ወረደ። ከሥር «ጭስስስ» የሚል ድምፅ ተሰማ።]

ጎሚስታው፦ ሰማኸው?

መምህሩ፦ ላብ ነው።

ጎሚስታው፦ የማን?

መምህሩ፦ የኩባያው ነዋ! ቀዝቃዛ ብረት ሞቃት አየር ሲያገኘው በውጭ በኩል ጤዛ ያወጣል። ስድስተኛ ክፍል፣ ምዕራፍ አራት።

ጎሚስታው፦ በስምንት መስመር ነው የሚያልበው።

መምህሩ፦ አንተ ሲያልብህ በአንድ መስመር ነው? ጨምር!

[ጎሚስታው ጨመረ። «ጭስስስ» የሚለው ድምፅም ጨመረ።]

ጎሚስታው፦ ጎደለ።

መምህሩ፦ ተነነ።

ጎሚስታው፦ ሳይሞቅ?

መምህሩ፦ ትነት ሙቀትን አይለምንም! የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ፈልቶ ነው የሚደርቀው?

ጎሚስታው፦ አይ፤ ልክ ነህ። ብቻ የእኔ ሸሚዝ ለመድረቅ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ይህ ኩባያ ግማሽ ኮዳ በሁለት ደቂቃ ጨረሰ።

መምህሩ፦ የዛሬው አየር ደረቅ ነው።

ጎሚስታው፦ እሺ። ይህ ምድጃዋ ሥር የተኛው ኩሬስ?

መምህሩ፦ [ጥቂት አስቦ] የተነነው ተመልሶ ዘነበ። የውሃ ዑደት ይባላል።

[ጎሚስታው ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። አንዲት ኩርማን ደመና እንኳ አልነበረችም።]

ጎሚስታው፦ መምህር፣ በእኛ ሥራ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ሳፋ ውሃ ውስጥ ነክረን አረፋ...

መምህሩ፦ የእናንተን ሥራ ለጎማ ተውለት! ይልቅ እሳቱ ምን እንደ ነካው ልየው።

[ጎሚስታው በኮዳው የቀረውን ውሃ ኩባያው ውስጥ ገለበጠ። መምህሩ ወዲያው ኩባያውን በእጀታው ይዞ ከምድጃዋ ላይ ብድግ አደረገው። ያን ጊዜ ከኩባያው ወገብ በታች ስምንት ቀጫጭን የውሃ ክሮች፣ እኩል እኩል ተራርቀው፣ በየአቅጣጫው ተወነጨፉ። አራቱ መምህሩ ሱሪ ላይ፣ ሁለቱ ጫማው ላይ አረፉ፤ አንዱ ሜዳ ቀረ፤ አንዱ የጎሚስታውን ዓይን አገኘ። ውሃው እስኪያቆም ድረስ ሁለቱ ተያዩ።]

ጎሚስታው፦ [ዓይኑን እየጠረገ] ስምንት በምድጃዋ። ስምንት በኩባያው።

መምህሩ፦ [በሹክሹክታ] አሥራ ስድስት።

ጎሚስታው፦ አሥራ ስድስት።

መምህሩ፦ ውስጧ ያስገባሁት ጠንከር ያለ ነገር...

ጎሚስታው፦ ኩባያው ነበረ።

መምህሩ፦ አንተ ሰው! እያየህ ዝም አልከኝ?

ጎሚስታው፦ በመጀመሪያው ቀዳዳ «ኩባያውን አናወጣውም ወይ?» አልኩህ፤ «ሞርሳውን ያዝ» አልከኝ። ያዝኩ። በአራተኛው ደግሜ ጠየቅሁህ፤ «አታነጋግረኝ፣ ልኬት ይጠፋብኛል» አልከኝ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ልኬት እንዳላጠፋብህ ብዬ ነው።

[መምህሩ ኩባያውን ምድጃዋ ላይ መልሶ ጣለና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። በውስጡ የቀረውን ለማየት እንኳ ልብ አልነበረውም። ጎሚስታው ግን ጎንበስ ብሎ ወደ ኩባያው አየት አደረገ፤ ከደረቁ ጭራሮ መርጦም ለምድጃዋ አጎረሳት፤ የተሰጠው ሥራ ነበርና።]

መምህሩ፦ ማስቲሽ! ያን የጎማ ማስቲሽህን አምጣ፣ እንለጥፈው!

ጎሚስታው፦ ማስቲሽ ከእሳት ጋር አይስማማም። ይነዳል።

መምህሩ፦ ማስቲካስ?

ጎሚስታው፦ አባባን ማስቲካ ልታጠጣቸው?

መምህሩ፦ እንግዲያው በጣቴ እደፍነዋለሁ! ስምንት ቀዳዳ ነው፤ አሥር ጣት አለኝ፤ ሁለት ይተርፈኛል! [አንዱን ጣት ሞከረ።] ዋይ! ዋይ! ዋይ!

ጎሚስታው፦ አሁን ዘጠኝ ቀረህ። አንድ ይተርፍሃል።

[ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ሲዘል፣ ከበሩ ወዲያ ሳል ተሰማ፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ሰዓት የሚያከብር ሳል።]

ጎሚስታው፦ መጡ! ስማ፤ እኔ በሳሁት እላለሁ። አንተ ትንፍሽ እንዳትል።

መምህሩ፦ ምን ያደርጉሃል?

ጎሚስታው፦ ምን ያደርጉኛል? የወለዱኝ እኮ ናቸው፤ ወደ የት ይመልሱኛል?

[የጎሚስታው አባት ገቡ። ጡረታ ከወጡ አሥር ዓመት ቢያልፍም ሰፈሩ ሁሉ ዛሬም ሃምሳ አለቃው ነው የሚላቸው። ኩሬውን ዞሩት። የመምህሩን ሱሪ አዩ። እንደገና ኩሬውን አዩ።]

ሃምሳ አለቃው፦ እዚህ ምን ተካሄደ?

ጎሚስታው፦ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባባ። ምድጃዋን ስበሳ ኩባያውንም አብሬ በስቼዋለሁ። መምህር የለበትም።

ሃምሳ አለቃው፦ ኩባያዬን? [መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።] እኔን! እኔን ያድርገኝ! እንዲህ ዙሪያውን... ቆይ፤ ቆይ እስቲ። ቀዳዳዎቹ እኮ ሰልፍ የቆሙ ይመስላሉ። አንዱ ካንዱ አይሰፋ፣ አንዱ ካንዱ አይርቅ።

ጎሚስታው፦ ዕድል ነው፣ አባባ።

ሃምሳ አለቃው፦ የምን ዕድል! ይህ እጅ ነው! ልጄ፣ እንዲህ ያለ ልኬት ታውቃለህ ብሎ ማን ገመተ!

[መምህሩ ተቁነጠነጠ።]

ጎሚስታው፦ እንዲያው በግምት ነው የበሳሁት።

መምህሩ፦ በግምት?!

ጎሚስታው፦ [በክርኑ እየጎሸመው] በግምት።

ሃምሳ አለቃው፦ በግምት እንዲህ ከበሳህ፣ ብትለካማ ምን ልትሠራ ነበር! ተሰጥኦ ነው! ኩባያዬ ይሙት እንጂ ይህስ ተሰጥኦ ነው!

መምህሩ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ! የምን ተሰጥኦ! ዙሪያው በክር ተለክቶ፣ ለስምንት ተካፍሎ፣ በእርሳስ ምልክት ተደርጎበት፣ ሁለት ጊዜ ተፈትሾ ነው! እሱማ ማስመሪያ በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ አያውቅም! እኔ ነኝ የበሳሁት! እኔ!

[ጎሚስታው መዳፉን ግንባሩ ላይ ጣለ። መምህሩ አፉ የተናገረውን ጆሮው ዘግይቶ ሰማው።]

ሃምሳ አለቃው፦ አሃ።

መምህሩ፦ ማለቴ...

ሃምሳ አለቃው፦ ሃያ ሁለት ዓመት ከወገቤ ተንጠልጥሎ ጭረት ያላገኘውን ኩባያ፣ አንተ በአንድ ጠዋት ወንፊት አደረግኸው።

መምህሩ፦ [ድምፁ ሰለለ] ልክ ነዎት። ወንድሟ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ኩባያውን የትም ፈልጌ እተካልዎታለሁ፣ አባባ። እሷን የምትተካ ግን ብዞር ብዞር አላገኝም።

ሃምሳ አለቃው፦ አሳዘንከኝ። ቃል ግን ቃል ነው። ውሃ ማፍላት ያቃተው ሰው ልጄን አይወስድም።

[መምህሩ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ዘፍ አለ። ጎማው መሐሉ ክፍት ነበርና ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ ጉልበቱና አገጩ ተገናኙ።]

ጎሚስታው፦ አባባ፣ አረፋ ያወጣል።

ሃምሳ አለቃው፦ መምህሩ?

ጎሚስታው፦ ኩባያው። ዕድሜዬን ሙሉ አረፋ ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አረፋ አያታልለኝም። ውሃው ፈልቷል።

ሃምሳ አለቃው፦ የምን ውሃ? ፈስሶ አልቆ የለም ወይ?

ጎሚስታው፦ የፈሰሰው ከቀዳዳዎቹ በላይ የነበረው ነው። ከቀዳዳዎቹ በታች ያለው በየት ይወጣል? ሦስት ጉንጭ ያህል ቀርቷል። ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ሞቀ። ምድጃዋም አየር ስላገኘች እሳቷ በረታ። ጭራሮውንም መምህር ከማለዳ ጀምሮ በራሱ እጅ ነው የለቀመው፤ እኔ አቀብዬ ብቻ ነው።

መምህሩ፦ [ከጎማው ውስጥ] ይህ እንግዲህ በሳይንስ...

ሃምሳ አለቃውና ጎሚስታው፦ [በአንድ ድምፅ] ዝም በል!

ሃምሳ አለቃው፦ ሦስት ጉንጭ ደግሞ ውሃ ይባላል?

ጎሚስታው፦ እርስዎ «ውሃ ያፍላ» አሉ እንጂ ስንት ጉንጭ እንደ ሆነ አልተናገሩም።

[ሃምሳ አለቃው ጎንበስ ብለው ኩባያው ውስጥ አዩ። ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ ሌላ ቃል እንደማይቀጠልበት ከጦር ሰፈር ጀምሮ ያውቁታል። ከኪሳቸው ማንኪያና የሻይ ቅጠል አውጥተው ቆንጠር አድርገው ጣሉበት። ኩባያውን እንዳያዘነብሉት ተጠንቅቀው፣ በማንኪያ እየቀዱ፣ አንድ... ሁለት... ሦስት አሉ። መምህሩ በጎማው ውስጥ ሆኖ ማንኪያዋን በዓይኑ ተከተላት።]

ሃምሳ አለቃው፦ ፈልቷል።

መምህሩ፦ [ለመነሣት እየታገለ፣ ከነጎማው እየተነሣ] አባባ! እንግዲያው... እንግዲያውስ...

ሃምሳ አለቃው፦ እሷ እሺ ብላሃለች፤ እኔም እሺ ብያለሁ። አንድ ነገር ግን እዚሁ፣ አሁኑኑ ቃል ትገባልኛለህ።

መምህሩ፦ የፈለጉትን ይዘዙኝ!

ሃምሳ አለቃው፦ ልጅ ስትወልዱ፣ ፊዚክስ የሚያስጠናው አጎቱ ነው።