አንቱ የተባለ ሽሽት

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ይስማኝ፣ የሌለው ያንቀላፋ። ድሮ በአንድ ጫካ ውስጥ ያለፈውን ዘመን የምትተርክ ጃርት ነበረች። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ አራዊቱ ወንዙ ዳር ይሰበሰባሉ፤ እሷም የታላቁን ቃጠሎ ታሪክ ትነግራቸዋለች። ታሪኩ አጭር ነው። ጅብ ጥበቃ ላይ ነበር። ሚዳቋዎች ከነግልገሎቻቸው ቁልቁለቱ ላይ ተኝተው ነበር። ጅቡ እሳቱን ሲያይ ሳይጮህ ሸሸ፤ ግልገሎቹ ተቃጠሉ። ለዚህ ሐዘን ካሣ ሚዳቋዎች ከሁሉ ቀድመው ውሃ ይጠጡ ነበር።

ከጊዜ በኋላ የዚያ ጅብ የልጅ ልጅ ነገሠ። አማካሪው ቀበሮ ጃርትን አስጠራት።

"እሜቴ ጃርት፣ ታሪክሽን የሚነካብሽ የለም" አላት። "ግን የንጉሣችንን አያት እንደ እኩያሽ 'ሄደ፣ መጣ' ትያለሽ። በአንቱታ አድርጊው እንጂ!"

ጃርት ደስ አላት። ዋሺ አልተባለችም፤ ከንጉሡ ጎንም መቀመጫ ተሰጣት። ኅሊናዋንም ወንበሯንም ይዛ መቀመጥ የምትችል መሰላት።

ቀኑ ሲደርስ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ጀመረች። "የንጉሣችን አያት ጥበቃ ላይ ነበሩ። ሚዳቋዎች ቁልቁለቱ ላይ ተኝተው ነበር። እሳቱን ሲያዩ ሳይጮኹ ሸሹ።"

"እነማን ናቸው የሸሹት?" አለ ከርከሮ።

"ሚዳቋዎቹ ናቸዋ! አሁን አልነገረችህም?" አለ ጎሽ።

በየዓመቱ የሰሙትን ሁሉ በአንዲት ቃል ረሱት። ጃርት አፏን ከፈተች፤ ንጉሡ ዞር ብሎ ተመለከታት፤ መልሳ ዘጋችው። 'እኔ ምን አልኩ፣ የተሳሳተው ሰሚው ነው' ብላ ራሷን አጽናናች። ታሪክ ተራኪ እንዲህ ያለ መጽናኛ አያጣም።

ቀበሮም ተነሥቶ ግልገል ጥሎ የሸሸ ዘር ከእንግዲህ ወንዙን እንዳይረግጥ ፈረደ። አራዊቱ በአንድ ድምፅ ተስማሙ።

አንዲት ሚዳቋ ግልገሎቿን አስከትላ ስትወጣ ጃርት ፊት ቆመች።

"እትዬ ጃርት፣ አንድ ጊዜ ብቻ 'ሸሸ' በይልን። ልጆቼ በውሃ ጥም ማለቃቸው ነው።"

"ታላቅን እንዲያ ማለት ነውር ነው" አለች ጃርት፣ መሬት መሬቱን እያየች።

"እንግዲያው እኛም ስለ አንቺ ለልጆቻችን ስንተርክ ነውር አንሠራም" አለች ሚዳቋዋ። "'ዋሸች' አንልም፤ 'ዋሹ' ነው የምንለው። አንቺም ትከበሪያለሽ፣ ይሄ ሁሉ ጉባኤም ድርሻውን ያገኛል።"