የሽጉጤ አሥራ አንድ ልጆች

ሦስት ሐበሻ በተሰደደበት አገር ሁሉ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ የማኅበር ሊቀመንበር፣ ሦስተኛው የግድ ሐረግ መዛዥ ነው። ነጋዴው ይከስራል፣ ሊቀመንበሩም አንድ ቀን ይወርዳል፤ ሐረግ መዛዡን ግን የሚነካው የለም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ገና "እንደምን አደርክ" ሳይል "የማን ልጅ ነህ?" ይላል። ከነገራችሁት ደግሞ ስለ አባታችሁ ከእናንተ በላይ አውቃለሁ ባይ ነው።

የእኛው የጆሃንስበርግ ሐረግ መዛዥ ክቡር አቶ ፍቅረማርያም ናቸው። ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጀፕስታውን ውስጥ ከስንዱ የብርድ ልብስ መደብር ፊት ለፊት ሻንጣ ያከፋፍላሉ። ስንዱ በዓለም ላይ እንደ እሳቸው የጠላችው ሰው አልነበረም። ያለ ምክንያትም አልጠላቻቸውም።

ጋሽ ፍቅረማርያም ከሌላው ሐረግ መዛዥ የሚለዩት የሰው አፍ ስለማያምኑ ነው። የሚያምኑት ወረቀት ነው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ ያደርጉና፣ "ማስረጃ አለሽ?" ይላሉ። "ማስረጃ የሌለው አያት ወሬ ነው።"

አንድ ቀን ክሊፕታውን ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ ያለው የስልጤው ተማም ሻንጣ ሊገዛ መጥቶ፣ አሥራ አራት አባቶቹን ሳይተነፍስ ቆጠረላቸው። የተሰበሰበው ሰው ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሳ እሳቸው፣ "ማስረጃ አለህ?" አሉት።

"ጋሼ፣ ወረቀቱን ምስጥ ከበላው እኔ አልተወለድኩም ማለት ነው?"

"ተወልደሃል። ግን አልተረጋገጠም።"

ተማም ሻንጣውን ሳይገዛ ሄደ። ለአንድ ወር በዚያ መንገድ አላለፈም።

ኮሮና መጥቶ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ፣ ሌላው ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሞቱን ሲጠብቅ እሳቸው ሥራ አገኙ። ወሎ ውስጥ አንድ የወረዳ መዝገብ ቤት ሠራተኛ በዋትሳፕ አጠመዱ። የግብር ደረሰኝ፣ የክርስትና መዝገብ፣ የገበሬ ማኅበር የቤተሰብ ዝርዝር፣ የሰባ ስድስቱ የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ፣ ምኑ ቅጡ! በፎቶ እየመጣ፣ እየታተመ፣ ሻንጣ ይሰቀልበት የነበረው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በዚያ ሰሞን ያለ ፈቃድ ሲወጡ ፖሊስ አስቁሟቸው ነበር። የደረት ስሙን አነበቡና፣ "ሳውቦና ባባ ኩማሎ!" ብለው በዙሉኛ ሰላም አሉትና፣ "የአባትህ አባት ማን ይባላል?" አሉት። ዙሉ ደግሞ አባቱን ከጠየቁት አይጨርስም፤ መንገድ ዳር ቆሞ የዘሩን ውዳሴ ሲያንቆረቁር ሩብ ሰዓት አለፈና፣ "ሂድ አባቴ፣ ማስክህን ብቻ ከፍ አድርግ" ብሎ ለቀቃቸው። ይህን ለስንዱ ሲያወሩላት ስቃ ነበር። ያኔ ገና አልነደደችም።

ነገሩ የተበላሸው ለአንድ ልጇ ለሊና ሰርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሊና ኪዳን የሚባል ስልክ ጠጋኝ ወድዳለች፤ ልጁ ጨዋ ነው። ሰርጉ ለዳግማ ትንሣኤ ተቆርጧል። ቤተ ክርስቲያኑ በበሽታው ምክንያት የሚያስገባው ዘመድ ብቻ፣ ያውም ሃምሳ ሰው ነው። ስንዱ ሃምሳውን ለመምረጥ ከግማሽ ጀፕስታውን ተኳርፋለች። ሦስተኛው ማዕበል መጣ ስለሚባል ቀኑ ከተገፋ መቼ እንደሚሆን አይታወቅም። እሷ እንዲህ ሆና ሳለ ጋሽ ፍቅረማርያም ወረቀት ይዘው መንገዱን ተሻገሩ።

"ስንዱ፣ ተቀመጪ።"

"ቆሜ ነው የምሸጠው። ይናገሩ።"

"አማችሽ የአጎትሽ ልጅ ነው።"

የስንዱ አባት አሳምነው ሽጉጤ፣ የኪዳን አባት ራጉኤል ሽጉጤ ይባላሉ፤ ሁለቱም አርፈዋል። ስንዱ የስሙን መመሳሰል ሰምታ፣ "ወሎ ሽጉጤ በሽጉጤ ነው" ብላ አልፋው ነበር። አባቷ በጎረምሳነቱ ከአገሩ ወጥቶ አዲስ አበባ የቀረ፣ ስለ ዘመድ ሲጠየቅ ወሬ የሚቀይር ሰው ስለነበር ከዚህ በላይ የምታውቀው የለም። ወረቀቱ ግን የገበሬ ማኅበር መዝገብ ነው፤ ዘመኑ ስድሳ ሰባት። አባወራ፦ ሽጉጤ። ልጆች፦ አሥራ አንድ። ከላይ አሳምነው፣ ከታች ራጉኤል።

"ሰባት ቤት ይቅርና ሁለት እንኳ አልሞላም" አሉ ጋሽ ፍቅረማርያም። "ለቄሱም ነግሬያቸዋለሁ። ከነማስረጃው።"

ቄሱ፣ "እስኪጣራ ይቆይ" አሉ። ኪዳን እህል አልቀምስ አለ። አዲስ አበባ ያለችው እናቱ ስልክ ስትጠየቅ፣ "እኔ እሱን ሳገባ 'የሽጉጤ ልጅ ነኝ' ነው ያለኝ" አለችና አረፈችው። ሊና ደግሞ በሯን ዘግታ፣ "እማዬ፣ ሲሪየስሊ? አጎቴን ላገባ ነበር?" እያለች ከውስጥ ትጮኻለች። ስንዱ ሦስት ቀን ቻለች። በአራተኛው ቀን፣ በቀትር፣ ደንበኛ ትታ መንገዱን ተሻገረች። ያን ግድግዳ ልትቦጫጭቀው ነው።

ጀመረችም። የሰውን አያትና ቅድመ አያት ከነምስማሩ ነቀለችው። ጋሽ ፍቅረማርያም "ኧረ ስንዱ! ኧረ ማስረጃ ነው!" እያሉ ከኋላዋ ይለቅማሉ። ጥጉ ላይ "ፍቅረማርያም" የሚል ማኅደር ተንጠልጥሎ አገኘች። ከፈተችው። ውስጡ አንዲት ወረቀት ብቻ አለች፣ ካደጉበት የሕፃናት ማሳደጊያ የተጻፈች። ወላጆች፦ ያልታወቁ። አሳዘኗት ብላችሁ ውሸት ነው። ይበልጥ አናደዷት፤ የራሱ የሌለው ሰው የእሷን ለምን ያምሳል?

ከዚያ የሽጉጤን ገጽ ያዘች። ልትቀደው ስትል ዓይኗ ዕድሜው ላይ አረፈ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"መዝገብ።"

"ስምንት ዓመት፣ ስምንት ዓመት፣ ስምንት ዓመት። ሦስት ወንድ! አያቴ ዶሮ ነበረች፣ አቅፋ የፈለፈለቻቸው?"

"መንታ ይሆናሉ።"

"ሦስት!"

"መዝገብ አይዋሽም፣ ስንዱ።"

"አባቴስ? እዚህ 'ከወላጆቹ ጋር ነዋሪ፣ ያላገባ' ይላል። በስድሳ ሰባት አባቴ አዲስ አበባ፣ ቄራ ቤት ተከራይቶ እኔን አዝሎ ይዞር ነበር! ያላገባ ከሆነ እኔን ማን ወለደኝ? እ? ማስረጃ አለህ?"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ "አንተ" ብላቸው አታውቅም። ጋሽ ፍቅረማርያም መነጽራቸውን ወደ ግንባር አልገፉም። አወለቁት።

የወሎው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ተለምኖ በማግስቱ ስልኩን ይዞ እማሆይ በለጥሽ ዘንድ ሄደ፤ የሽጉጤ ጎረቤት የነበሩ፣ ዘጠና የተጠጉ መነኩሲት ናቸው። ስንዱና ጋሽ ፍቅረማርያም በአንድ ስልክ ላይ አጎንብሰው፣ ማስክ ለማስክ ተፋጠጡ። እማሆይ ጥያቄውን ሰምተው አልጨረሱም፤ ሳቁ።

"ያኔ እኮ መሬት የሚደለደል በቤተሰብ ብዛት ነው! ያልዋሸ አባወራ ማን ነበር? የኔ ባል በሬውን ሊያስጽፍ ምንም አልቀረው። ሽጉጤ የወለደው አራት ነው። አሳምነው ከተማ ገብቶ ነበር፣ 'የትም አልሄደ' ብሎ አስጻፈው። የተቀሩት ሰባቱ ድርቁ እናት አባታቸውን የፈጀባቸው ናቸው። ሰበሰበና 'ልጆቼ ናቸው' አለ። ጸሐፊው 'ትናንት አራት አልነበሩም ወይ?' ቢለው፣ 'ጻፍ ስትባል ጻፍ!' ብሎ ጮኸበት። ተቆጪ ነበር።"

"ራጉኤልስ፣ እማሆይ?" አሉ ጋሽ ፍቅረማርያም።

"ራጉኤል የኤርጎጌ ልጅ። እናቱ ስትቀበር እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ።"

ስንዱ "ማስረጃ አለዎት?" እስኪሏቸው ጠበቀች። አላሉም። ኮታቸውን ለበሱና፣ ማንም ሳይልካቸው ቄሱ ዘንድ ሄደው፣ በሃያ ዓመት ስደታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ "ተሳስቻለሁ" አሉ።

ሰርጉ በቀኑ ሆነ። ስንዱ ግን አልበረደላትም፤ ከሃምሳው ዝርዝር የእሳቸውን ስም በእስክሪብቶ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ፣ ሰርዛዋለች።

በዳግማ ትንሣኤ ጠዋት ዲያቆኑ በር ላይ መዝገብ ዘርግቶ ስም፣ ስልክ፣ ዝምድና እየጻፈ ያስገባል። ሙሽሮቹ ገብተዋል። ስንዱ ዘወር ስትል ጋሽ ፍቅረማርያም ከመንገዱ ማዶ፣ ያንኑ ኮት ለብሰው፣ አበባ ይዘው ቆመዋል።

"እዚያ ምን ትሠራለህ?" ብላ ጮኸች።

"ከዚህ ይታየኛል። ዘመድ ብቻ ነው ተብሏል።"

ደሟ ፈላ። እንዲህ አድርጎ የሚያናድድ አቋቋም አይታ አታውቅም። ተሻግራ እጃቸውን ያዘችና እየጎተተች አመጣቻቸው።

"አንዷ አስሏት ቀርታለች። በእሷ ቦታ ጻፍ፤ ፍቅረማርያም።"

"ዝምድና?" አለ ዲያቆኑ።

"ወንድሜ።"

"ወይዘሮ ስንዱ፣ ወንድም እንደሌለሽ እኮ…"

"ጻፍ ስትባል ጻፍ!"

ዲያቆኑ ጻፈ። ጋሽ ፍቅረማርያም ከማስኩ ውስጥ ልማድ ሆኖባቸው፣ "ስንዱ፣ ማስረጃ የሌለው ነገር…" ብለው ጀመሩ።

"ግባ!"

አልገቡም። መነጽራቸውን አውጥተው መዝገቡ ላይ አጎነበሱ። መስመሩን አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ገጹን ፎቶ አነሱና ገቡ።