ጋሻዬ በላሊበላ ፒያሳ ሊያቆም

(ነሐሴ 1967 ዓ.ም.፣ ላሊበላ። ነጋዴው ጋሻዬ አዲስ አበባ ሰንብቶ ትናንት ገብቷል። ዛሬ ጠዋት በቅሎውን ለገበሬው ለደባሱ ሰጥቶ፣ ደባሱ ከአክስቱ የወረሳትን የገበያ ዳር ቤት ተረክቧል። በሯ ላይ ቆመው ይነታረካሉ።)

ጋሻዬ፦ መቀርቀሪያውን መልስ። ቤት ሲለወጥ ከነመቀርቀሪያው ነው።

ደባሱ፦ አንተስ በቅሎዋን ስትሰጠኝ ኮርቻዋን አስቀርተህ የለም?

ጋሻዬ፦ ኮርቻና መቀርቀሪያ አንድ ነው? እናንተን አራሾችን አሸተን ተራራ ሥር ያስቀራችሁ ይኼ ነው። ፒያሳን ብታይ እንዲህ አትልም ነበር።

ደባሱ፦ ፒያሳ ማን ናት?

ጋሻዬ፦ (ከንፈሩን እየመጠጠ) ማን ናት ይላል እንዴ! የሱቅ መንገድ ናት። ድሮ አራዳ ነበር ስሟ። ሰው እንደኛ ቅዳሜ ገበያ በርበሬውን፣ ጨውን መሬት ዘርግቶ ይሸጥባት ነበር። ኋላ አርመኑም፣ ግሪኩም፣ ህንዱም ሱቅ ከፈተ። ጣልያን ሲመጣ ፒያሳ አላትና የሐበሻውን ገበያ ወደ መርካቶ ነዳው።

ደባሱ፦ ጣልያን ወጥቶ የለም እንዴ?

ጋሻዬ፦ ወጥቷል።

ደባሱ፦ ታዲያ ስሙን ምነው ጥሎት ሄደ?

ጋሻዬ፦ ሂድና ራሱን ጠይቀው! አንተን ማስረዳት ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ቁም ነገሩን ስማ። የፒያሳ ሀብታሞች የጀመሩት በአንዲት የመንገድ ዳር ቤት ነው። ከዚያ የጎረቤትን ገዙ፣ የጎረቤትን ጎረቤት ገዙ፣ አከራዩ። እኔም የምኖርባት አለችኝ፤ ለአስተማሪው ያከራየኋት አለችኝ፤ ይቺ ደግሞ ሦስተኛዬ። አንተ ግን በአንድ በቅሎ ትለውጣታለህ። አይ ደባሱ፣ አጎንብሶ የሚያርስ ሰው መንገድ ዳር ያለውን አያይም።

ደባሱ፦ እሱስ አይታየንም። ሰዉ ግን ነጋዴዎቹን ይወዳቸዋል?

ጋሻዬ፦ ሲወዳቸው! ወደዚህ የተነሳሁ ለታ ፒያሳ በሕዝብ ተጥለቅልቃ አየኋት። ወንዱ ይጨፍራል፣ ሴቱ እልል ይላል፣ በየሱቁ ፊት እያጨበጨበ ያልፋል። እንባዬ መጣ። ባለቤት እንዲህ ከተከበረ ብዬ ነው እዚህ ስገባ ቤት ቤት ያለኝ።

ደባሱ፦ ምን ተገኘ ብለህ አልጠየቅህም?

ጋሻዬ፦ እኔ? ፒያሳን የማውቅ ሰው? ጥያቄ የባላገር ነው።

ደባሱ፦ እኛ ባላገሮቹማ በመምሬ ወልደ ሰንበት ሬዲዮ ሰማነው።

ጋሻዬ፦ ምኑን?

ደባሱ፦ ጭፈራውን ነዋ። የጨፈሩት ተከራዮች ናቸው። መንግሥት የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወርሷል፤ ለሰው የሚቀረው የሚኖርባት ናት። እኔም የአክስቴ ቤት ሄደች ብዬ ስተክዝ፣ አንተ በቅሎ እየጎተትህ ከተፍ አልህ።

(ጋሻዬ ደፉ ላይ ቁጭ ይላል።)

ጋሻዬ፦ ለአስተማሪው ያከራየኋትስ?

ደባሱ፦ እሱም ከእኛው ጋር ነው የሰማ። ቀድሞ እልል ያለውም እሱ ነው።

ጋሻዬ፦ አንተ! ይኼን እያወቅህ ዝም አልኸኝ?

ደባሱ፦ ጠዋት ልነግርህ አፌን ስከፍት፣ «አንተ ምን ታውቃለህ፣ በቅሎዋን ያዝና ሂድ» አልኸኝ።

ጋሻዬ፦ (ለስለስ ብሎ) ደባሱ ወንድሜ፣ እንግዲያው ለውጡ ይፍረስ። ቤትህን ውሰድ።

ደባሱ፦ የመንግሥትን ቤት ምን ብዬ ልውሰድ?

ጋሻዬ፦ በቅሎዬንስ?

ደባሱ፦ አዋጁን እስከ መጨረሻው አዳምጬዋለሁ። ስለ በቅሎ ያነሳው ነገር የለም።