የሂስቶኖች ስንብት

የምርምር ማዕከላችን ዋና ዳይሬክተር ስለ ሴል አንዲት ገጽ ሳያነቡ ሴልን ለማሻሻል የቆረጡ ታላቅ ሰው ናቸው። ዕውቀት ብዙዎችን እንዲያመነቱ ያደርጋል፤ እሳቸውን ግን ምንም አላገዳቸውም።

በተሾሙ በሦስተኛው ቀን ቤተ ሙከራውን ጎበኙ። እዚያ የምትሠራው ተመራማሪ ስድስት ወር ሙሉ እንደ ሕፃን ተንከባክባ ያሳደገቻቸውን ሴሎች በማይክሮስኮፕ አሳየቻቸው።

«ይሄ የተድበለበለው ምንድን ነው?»

«ዲኤንኤ ነው፣ ክቡር ዳይሬክተር። የሴሉ መመሪያ። ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ይሆናል። ሂስቶን የሚባሉ ፕሮቲኖች እንደ ክር ማጠንጠኛ ሆነው ይጠቀልሉታል።»

«መመሪያውን ያነባሉ?»

«ማን? ሂስቶኖቹ? ኧረ አያነቡም።»

«ይጽፋሉ?»

«አይጽፉም። ይጠቀልላሉ።»

«ስንት ናቸው?»

«በያንዳንዱ ሴል ብዙ ሚሊዮን።»

ዳይሬክተሩ ግንባራቸውን ያዙ። «ይህን ሁሉ ሥራ ፈት ቀልበሽ! ደግሞስ መመሪያ የሚጠቀለለው ከማን ሊደበቅ ነው?»

«ሴሉ ሊከፈል ሲል ዲኤንኤውን ይቀዳል። ለቅጂው አዲስ ሂስቶን ካልተሠራ…»

«ልጄ፣ በእኔ ዘመን ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ነገር የለም!»

በማግስቱ ደብዳቤ ወጣ፦ «ግልጽና ቀልጣፋ አሠራር ለማስፈን ሲባል የሂስቶን ምርት የታገደ መሆኑን እናስታውቃለን።» ተመራማሪዋ ምርቱን የሚያግደውን መድኃኒት ሴሎቹ ላይ ጨመረች። ሴሎቹም ዲኤንኤያቸውን መቅዳት እንደጀመሩ መሃል ላይ ቀጥ አሉ። አንድም የሚከፈል ጠፋ።

በሳምንቱ የዳይሬክተሩ የበላይ ኃላፊ አጃቢዎቻቸውን አስከትለው መጡና በማይክሮስኮፑ አጎንብሰው አዩ።

«ምንም አይንቀሳቀስም እኮ» አሉ።

ዳይሬክተሩ ደረታቸውን ነፉ። «እንደሚመለከቱት ፍጹም መረጋጋት ሰፍኗል። በእኛ ማዕከል መከፋፈል የሚባል ነገር የለም!»

ቤተ ሙከራው በአጃቢዎቹ ጭብጨባ ተናጋ። ዳይሬክተሩም ለዚህ ውጤታቸው የሁለት ወር የአመራር ሥልጠና ተሸልመው ሄዱ።

ተመራማሪዋ የመኪናቸው ድምፅ እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ ከማቀዝቀዣው መጠባበቂያ ሴሎች አውጥታ ያለ መድኃኒቱ አሳደገቻቸው። ሂስቶኖቹ ያለ አንዳች ስብሰባ ክራቸውን ጠቀለሉ፤ ሴሎቹ ተከፈሉ፣ እንደገና ተከፈሉ፣ የማሳደጊያ ሳህኑን ሞሉት። እሷም ለብቻዋ እየሳቀች ሪፖርቷን ጻፈች፦

«በመጀመሪያው ሙከራ ሂስቶኖች ከሥራ ታገዱ፤ የሴል ክፍፍል ቆመ። በሁለተኛው ሙከራ ዋና ዳይሬክተሩ ከቦታው ተነሡ፤ ክፍፍሉ በሚገባ ቀጠለ። ለሥራው የትኛው አስፈላጊ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።»

ሪፖርቱ ከበላይ ኃላፊው ቢሮ ማኅተም አርፎበት ተመለሰ። ኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም እንዲህ ተጽፏል፦ «ሁለተኛው ሙከራ ላልተወሰነ ጊዜ ይቀጥል።»