እኔ ልናገርላት የሚሉት እትዬ አዛለች

ከተማ ሲቆረቆር መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይተከላል፣ ቀጥሎ ገበያ ይቆማል፣ ከዚያ የሰውን ልጅ ሁሉ ሥራ ካላስገቡ እንቅልፍ የማይወስዳቸው አንዲት ሴት ይነሣሉ። እኚህን ሴት ማንም አልሾማቸውም፤ ስለዚህ ማንም ሊሽራቸው አይችልም። ለደብረ ታቦር የደረሷት ክብርት እትዬ አዛለች ናቸው።

እትዬ አዛለች ሥራ የፈታ ወጣት መንገድ ዳር ቆሞ ሲያዩ፣ ገበሬ ከማሳው የገባ በሬ ሲያይ የሚሰማው ዓይነት ነገር ይሰማቸዋል። ክንዱን ይዘው፣ የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቀው፣ ከአያቱ ጋር ተዛምደው፣ ከፊት ለፊት ወዳለው ሱቅ ይዘውት ይገባሉ። ባለሱቁ “ምን ሥራ ትችላለህ?” ብሎ ሲጠይቅ ልጁ አፉን ሳይከፍት “እኔ ልናገርለት” ይላሉ። ከዚያ በኋላ ልጁ አፉን የሚከፍትበት ምክንያት አይኖርም።

ችግሩ፣ እትዬ የሚያደንቁት ሁልጊዜ ልጁ የሌለውን ጠባይ ነው። አዳነ የሚባለውን ጎረምሳ ለጥበቃ ሲያስቀጥሩ “ይኼ ልጅ እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም” ብለው መሰከሩ። በሳምንቱ ሌቦች ከግቢው ዕቃ ሳይሆን በሩን ራሱን ሊነቅሉ መጡ፤ አዳነ በሩን ተደግፎ ተኝቶ ስለነበር ቀስ አድርገው ወደ ጎን አጋድመውት፣ ጋቢውን አልብሰውት፣ በሩን ይዘው ሄዱ። ከዓረብ አገር የተመለሰችውን ብርቱካንን ደግሞ “የማታውቀው ቋንቋ የለም” ብለው ሆቴል አስገቧት። አንድ ቀን ቻይናዊ እንግዳ መጣና ብርቱካን ተጠራች። ጨንቋት በዓረብኛ አናገረችው፤ ሰውየው ምን እንደገባው አይታወቅም፣ ብቻ ራሱን ነቅንቆ አደረ። እትዬ ይህን እስከ ዛሬ እንደ ድል ይቆጥሩታል። “ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል” ይላሉ።

እንግዲህ የወንድማቸው ልጅ የምስራች አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ከጉና ሥር መጥታ ያረፈችው እኚህ ሴት ቤት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሆነላትም። ማታ ማታ ተምራ ድጋሚ ልትፈተን አስባለች፤ አባቷ ግን ቁርጡን ነግረዋታል። እስከ ፋሲካ ሥራ ይዛ ራሷን ካልቻለች ተመልሳ ድንች ትኮተኩታለች። ነገሩን ሲደመድሙም “ብቻ ከተማ ገባሁ ብለሽ አፍሽን እንዳትከፍቺ፤ ዝም አይነቅዝም” ብለው መከሯት።

እትዬ ምክሩን ሲሰሙ “አይነቅዝምስ፤ ግን ገዝቶት የሚያውቅ ሰው አለ?” አሉ።

የምስራች በእርግጥ ዝምተኛ ናት። እነሱ አገር ሴት ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ዓይኗን ከመሬት ካነሣች ዓይን አውጣ ትባላለች፤ እሷ ደግሞ በጨዋነቷ የተመሰገነች ስለሆነች ከሰዎች ይልቅ ጫማቸውን ነው የምታውቀው። እትዬ በየቤቱ፣ በየሱቁ ይዘዋት ዞሩ። “እኔ ልናገርላት” እያሉ ተናገሩላት። ሁሉም እትዬን አዳምጦ፣ የምስራችን አይቶ፣ “እናስብበታለን” እያለ ሸኛቸው። ሁዳዴም ገባ።

ይህን ጊዜ ክብርት እትዬ አዛለች በከተማው ታሪክ ማንም ያላሰበውን አሰቡ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት አቶ ሞላ ሻጭ እንደሚፈልግ ሰምተዋል፤ እሳቸው ቢሄዱ ደግሞ የአዳነን ጉዳይ እንደሚያነሣባቸው ያውቃሉ፤ የተነቀለው በር የአቶ ሞላ ነበርና። ስለዚህ ሽማግሌ ላኩበት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ መምሬ ይሻውን አስቀድመው ከአቶ ሞላ ሳሎን ገቡ። ተቀመጡ ሲባሉ “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉና ቆሙ። አቶ ሞላ ባሕር ዳር የምትማር ሴት ልጅ አለችው። ሽማግሌ ቆሞ አልቀመጥም ሲል ለምን እንደመጣ የማያውቅ የአገሩ ሰው የለም። ሚስቱ ጓዳ ገብታ ማልቀስ ጀመረች። እሱ ላብ እያጠመቀው፣ ልጁ ትምህርቷን ሳትጨርስ ለንጉሥ ልጅም እንደማይሰጥ፣ ሽማግሌ ማክበሩ እንደተጠበቀ ሆኖ መልሱ ይኸው እንደሆነ ተናገረ።

መምሬ ይሻው ረጋ ብለው “ልጄ፣ ልንሰጥህ ነው እንጂ ልንወስድብህ አልመጣንም” አሉት። ከዚያም ጉዳዩ ዳቦ የምትሸጥ ልጅ ማስቀጠር መሆኑን አስረዱ።

አቶ ሞላ ከእፎይታው ብዛት የማን ዘመድ እንደሆነች እንኳ ሳይጠይቅ “ነገ ትግባ፤ አንድ ወር ትሞከር” አለ። የምስራች ከእትዬ ጋር ከአጥሩ ውጭ ነጠላዋን ተከናንባ ይህን ሁሉ ትሰማ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እትዬ ግን ጎኗን በክርናቸው ጎሸም አድርገው፣ እንዲህ ያለ ቅጥር ሹመኛም አላገኘ አሏት።

ሥራውስ ተገኘ፤ ከእትዬ ማን ያስጥላት? በየጠዋቱ ከሰልፉ ፊት ቆመው ያስተዳድራሉ። ለገዢው ሁሉ ሻጯ የወንድማቸው ልጅ መሆኗን ያበስራሉ። ዳቦው ያረረ እንደሆነ ለሆድ መድኃኒት ነው ብለው ያስረዳሉ። የምስራች አንገቷን ስትደፋ ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት “ቀና በይ፤ መሬቱን አይደለም የምትሸጪው” ይሏታል። ልጅቷ በኀፍረት ጆሮዋ ሳይቀር ይቀላል።

አንድ ቀን ታዲያ አንዲት ሴት ዳቦው አነሰ ብላ አጉረመረመች። እትዬ “እኔ ልናገርልሽ” አሉና ቀጥ ብለው ማቡኪያ ቤት ገቡ። አቶ ሞላ ክንዱ ድረስ ሊጥ ውስጥ ነበር። ሊጡን እንዴት እንደሚያድቦለቡል አሳዩት። እሱም በትሕትና ሸኝቷቸው፣ የምስራችን ለብቻዋ ጠርቶ፣ አክስቷ ከዚህ ደጅ ካልራቁ ወሩ ሳይሞላ እሷም እንደምትከተላቸው ነገራት።

ያን ማታ የምስራች ዓይኗን ከእግሮቿ ሳታነሣ፣ እባክዎ ሥራዬ እንዳይሄድብኝ፣ አይምጡብኝ አለቻቸው። ጉና ልትመለስ እንደማትፈልግ የነገረቻቸውም ያኔ ነው።  እትዬ “እሺ፣ ልጄ” ብቻ አሉና እራት አቀረቡ።

በነጋታው አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን አልመጡም። የምስራች የተገላገለች መስሏት ነበር፤ ነገር ግን ሰልፈኛው ሁሉ “እኚያ ሴትዮ ደኅና አይደሉም እንዴ?” እያለ ይጠይቃት ጀመር። እሷም ዳቦ እያስረከበች በሩን በሩን ታያለች።

እንዲህ እያለ አንድ የሚኒባስ ሾፌር አሮጊቶቹን ገፍቶ ከሰልፉ ፊት ቆመና ገንዘቡን ወረወረ። ወዲያው “ጌታው፣ ዳቦው ለሁሉም ይደርሳል፤ ሰልፉ ግን አይዘለልም” የሚል ጠንካራ ድምፅ ተሰማ። የምስራች እትዬ የመጡ መስሏት ዞር አለች። ማንም አልነበረም። የተናገረችው እሷ ራሷ ናት፤ ሾፌሩንም ጫማውን ሳይሆን ፊቱን እያየች ነበር። ሾፌሩ ይቅርታ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ። አቶ ሞላ ከውስጥ አንገቱን አውጥቶ አይቶ ተመለሰ።

ወሩ ሲሞላ የፋሲካ ሳምንት ገባ። አቶ ሞላ ሰልፉ ሳይበተን ከማቡኪያ ቤቱ ብቅ ብሎ፣ ሥራው የሷ እንደሆነ ነገራት። ደስታዋን ሳትጨርስም የራሱን ብሶት ማውራት ጀመረ። ሆቴሎቹ ሁሉ ዳቦ የሚገዙት ከሌላ ነው፤ እሱ ማቡካት እንጂ ሰው ማነጋገር አልፈጠረበትም፤ እየዞረ የሚያግባባ፣ አፍ ያለው ሰው ቢያገኝ ነገ ይቀጥር ነበር።

ይህን ሲናገር እትዬ አዛለች ከሰልፉ መጨረሻ ነበሩ። ለበዓል ዳቦ ሊያዙ ነው የመጡት፤ እንደማንኛውም ሰው ተራቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው። ሰምተዋል። ተራቸው ሲደርስ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከደኑ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ማፍተልተል ያዙ።

“ሰው... ይፈልጋል ነው የሚለው?” አሉ በቀጭን ድምፅ።

“አዎ፣ እትዬ። ማንን ሊያስገቡ ነው?” አለች የምስራች።

“እንዲያው ነው” አሉና ወደ መሬት አዩ። “ለራስ ሲሆን አፍ ይያዛል፣ ልጄ።”

የምስራች እጇ ዳቦ እንደያዘ ቀረ። እኚህ ሴት ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጥጥ እየፈተሉ ነው የሚኖሩት። የከተማውን ልጅ ግማሹን ሥራ አስገብተዋል፤ ለእሳቸው ግን ከየትም ደጅ ቆሞ የተናገረላቸው ሰው የለም። ይህን እስከ ዛሬ አስባው አታውቅም። ዳቦውን አስቀምጣ ማቡኪያ ቤት ገባች።

አቶ ሞላ የዱቄት ጆንያ አመልክቶ ተቀመጪ አላት።

“ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም” አለች።

አቶ ሞላ ደነገጠ። ሽማግሌ ተከትሏት እንደሆነ በትከሻዋ አሻግሮ አየ፤ በበሩ በኩል የታዩት እትዬ አዛለች ናቸው። “እሳቸውን ብቻ እንዳትዪኝ” አለ።

“ልሰጥዎ ነው እንጂ ልወስድብዎ አልመጣሁም” አለች የምስራች ዓይን ዓይኑን እያየች። “እኔ ልናገርላቸው።”

ተናገረች። አንድም የሌላቸውን ጠባይ አልጨመረችም፤ ያላቸው በቂ ነበር። አቶ ሞላም “ነገ ይግቡ፤ አንድ ወር ይሞከሩ” አለ። ስትመለስ እትዬ አዛለች ከመደርደሪያው ፊት አንገታቸውን ደፍተው፣ ገና ዛሬ ከገጠር እንደገባች ልጅ የሰዉን ጫማ ያያሉ።

“ቀና ይበሉ፣ እትዬ” አለቻቸው። “መሬቱን አይደለም የምንሸጠው።”