ከቤት ውጭ የሚቀመጠው ሦስተኛ ቅጂ

በአንድ ነገር ብቻ የማያምን ሰው የሌለበት ሕንፃ ገና አልተሠራም። አይታችሁት ታውቃላችሁ ወይ ብዬ አልጠይቃችሁም፤ አይታችሁታል። ጃንጥላው ሁለት ነው፣ የቤቱ ቁልፍ አራት ነው፣ በጠራራ ፀሐይ ሹራብ በክንዱ ይዞ ይወጣል። ለምን ሲሉት መልሱ አንድ ነው፤ «ድንገት ቢሆንስ?»

የእኛ ሕንፃ ይህን ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት አስቀምጦታል። ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡ የካርታ ንድፍ ሠራተኛ ናቸው። እኛ ጎረቤቶቻቸው ግን በሌሉበት «ጋሼ መጠባበቂያ» እንላቸዋለን። እሳቸውም ያውቃሉ። አንዴ ደረጃ ላይ ሰምተውኝ፣ «ሌላም ስም ጨምሩልኝ፤ ይኼኛው ቢጠፋስ?» ብለውኝ አልፈዋል።

ጥበባቸው ጣሪያ የነካው ግን የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ኮምፒውተር የገዙ ዕለት ነው። ዕቃው ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ የሚሞትበትን ቀን ማስላት ጀመሩ። «ይኼ ነገር አንድ ቀን አልነሣም ይላል። ያን ቀን እኔ ተዘጋጅቼ ነው የምጠብቀው» አሉኝ። ዕቅዱን በእርሳስና በማስመሪያ ነድፈው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። አንዱ ቅጂ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይኖራል። ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ባለ ሃርድ ዲስክ ውስጥ። ሦስተኛው በሌላ ሃርድ ዲስክ ከቤት ውጭ፣ ሰው ዘንድ ይቀመጣል፤ ቤቱ ቢቃጠልስ? በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ የውጭው ወደ ቤት ይመጣል፣ የቤቱ በምትኩ ይሄዳል።

እንዲህ የሚጠበቀው ሀብት ምንድነው ካላችሁ፣ የቤተሰብ ፎቶ አለ። የልጃቸው የትምህርት ቤት ካርድ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አለ። ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ያለፈው ፍሪጅ የዋስትና ወረቀትም አለ። «ፍሪጁ እኮ የለም ጋሼ» ብላቸው፣ «ለዚህ ነዋ ወረቀቱ እንኳ ይኑር የምለው» አሉኝ።

እኔም መልካም ጎረቤት ልሁን ብዬ፣ «የውጭውን እኔ ቤት ያስቀምጡት» አልኳቸው።

«ያንተ ቤት ከእኔ ቤት ጋር ነው የሚቃጠለው።»

«ወንድምዎ ጋስ?»

«ወንድሜ ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ለሰው ያውሳል።»

«ታዲያ የት?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሷ ጋ።»

እሷ ማለት እትዬ ናቸው፤ ልብስ ሰፊ፣ የልጃቸው እናት፣ ከጋሼ ጋር ከተለያዩ ስምንት ዓመት የሆናቸው። ሱቃቸው ሁለት አውቶቡስ ያስይዛል። ጋሼ ርቀቱ ራሱ ሳይንስ ነው ባይ ናቸው፤ በእሳቱ በኩል እንኳ ልክ ሳይሆኑ አልቀሩም። ሃርድ ዲስክ ለመቀየር ጺም መላጨት፣ ሸሚዝ መተኮስና ጫማ ሁለቴ መወልወል ለምን እንደሚያስፈልግ ግን እስከ ዛሬ ያስረዳኝ ባለሙያ የለም።

አንድ ቅዳሜ አብሬያቸው ሄድኩ። እትዬ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው የአንድ ኮት ስፌት እየፈቱ ነበር።

«መጣህ?»

«ወሩ ሞላ።»

ከአዝራርና ከዚፕ መሳቢያ ውስጥ ሃርድ ዲስኩን አወጡት። ሰማያዊ የጨርቅ ከረጢት ሰፍተውለታል።

«እርጥበት አልነካውም?»

«አልነካውም።»

«ሙቀትስ?»

«እንደ አራስ ልጅ ነው የያዝኩት። ልብስ ሁሉ ሰፍቼለት፣ አታይም?»

ቅያሬው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ጋሼ አንድ ሰዓት ተኩል ቆዩ። የመሳቢያውን ብሎን አጠበቁ፣ የስፌት መኪናውን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱ፣ የጀርባው መስኮት ዝናብ ያስገባ እንደሆነ ላጣራ ብለው ወጡ። ይኼኔ እትዬ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ይኼ ሰውዬ ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ያደርጋል አይደል?»

«ኧረ ምን ጠየቁኝ!»

«እወድሻለሁን ግን አንዴ ነው ያለኝ። ገና የተጋባን ሰሞን። እስቲ ድገመው ስለው፣ ‹አልመዘገብሽውም እንዴ?› አለኝ።»

ሳቁ። ሳቃቸው መሃል ላይ ቀረና፣ እጃቸው ላይ ያለውን መርፌ ጠረጴዛው ላይ ይፈልጉ ጀመር።

ታዲያ ባለፈው ወር ነርስ የሆነችው ልጃቸው ለአባቷ ውለታ ልዋል ብላ መጣች። «አባዬ፣ ከእንግዲህ ይኼን ተሸክሞ በአውቶቡስ መንከራተት ቀረልህ። ኮምፒውተሩ ራሱ በየቀኑ በኢንተርኔት ቅጂውን ሌላ ቦታ ያስቀምጥልሃል።»

«ኢንተርኔቱ ቢቋረጥስ?»

«ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል።»

«የሚያስቀምጠው ድርጅት ቢዘጋስ?»

«ሁለት ድርጅት ጋ ነው ያደረግኩልህ።»

«የይለፍ ቃሉን ብረሳውስ?»

«እኔ ጋ ተጽፏል።»

ጋሼ በገዛ መሣሪያቸው ተማረኩ። «ተባረኪ» አሏት፤ ድምፃቸው ግን ለቅሶ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር።

የዚህ ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ላያቸው ገባሁ። ጺማቸውን ተላጭተዋል። ሸሚዙ ተተኩሷል። ጫማው ያብረቀርቃል። ሃርድ ዲስኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«አይሄዱም እንዴ?»

«ምን ብዬ?»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ለሁሉም ነገር መጠባበቂያ ያላቸው ሰው፣ ለዚህ ብቻ መጠባበቂያ ሰበብ አልነበራቸውም።

«ሱሪ ላሳጥር ብለው ይሂዱ።»

«አሳጥራዋለች። ከዚህ በላይ ካጠረ ቁምጣ ነው።»

«እንግዲያው ናፍቀሽኝ ነው ይበሏቸዋ።»

ኮምፒውተሩን በመስኮት ይወርውሩት ያልኳቸው ይመስል አዩኝ። ቀስ ብለው፣ «እንደሱ ያለ ነገር እኮ... ከየት ይጀመራል?» አሉና ተዉት። ስድስት ዓመት ሙሉ ስስቅባቸው ኖሬ ያን ጊዜ የምስቅበት ነገር አጣሁ። ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሣሁ። ውሃውን ሳልጥድ በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ናቸው። አራት ፎቅ በእግር ወጥተው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሜትሩን ከአንገታቸው ማውለቅ ረስተዋል፤ ሰማያዊው ከረጢት በእጃቸው ነው።

«ምነው ቀረህ? አሞህ ነው?»

«አይ፣ ልጅቷ እኮ በኢንተርኔት...»

«ነግራኛለች።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ኢንተርኔቱ ቢጠፋስ?»

ጋሼ ዋሽተው አያውቁም። አሁን ሁለት ድርጅት ጋ ነው ያለው ብለው ሊያስረዱ ነው ብዬ፣ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ከረጢቱን አዩ። እትዬን አዩ።

«እውነትሽን ነው» አሉ። «ሊጠፋ ይችላል።»

«ግቢ» ቢሏቸው እትዬ ደንበኛ ትቼ ነው የመጣሁት ብለው እምቢ አሉ። እዚያው በሩ ደፍ ላይ ቆመው ተለዋወጡ፤ ሃርድ ዲስክ እንዲህ ረጅም ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አይቼ አላውቅም።

«ለመጪው ወር ግን አንተ ና። ይኼ ደረጃ ይገድለኛል።»

«እመጣለሁ። እመጣለሁ።»

ጋሼ ወደ መስኮቱ ሄደው፣ እትዬ መንገዱን ተሻግረው አውቶቡስ እስኪሳፈሩ ቆሙ። አውቶቡሱ ከሄደ በኋላም ቆሙ።

«አንተ» አሉኝ ሳይዞሩ፤ «እስከ መጪው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ስንት ቀን ነው?»

ካሌንደሩን ቆጠርኩ። ይህ ወር አምስት ቅዳሜ ነው ያለው። ሠላሳ አምስት ቀን። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ሠላሳ አምስት። ጀርባቸውን አየሁ፤ የተተኮሰው ሸሚዝ ትከሻቸው ላይ ሰፍቷል።

«ሃያ ስምንት» አልኳቸው።

ሁሉን ነገር ሦስቴ የሚያጣሩት ሰው፣ ካሌንደሩ ከክንዳቸው አጠገብ ተሰቅሎ፣ ዞር ብለው አላዩትም።