ሃያ አራት ገጽ ያለ ዳይፐር

ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ የሆንኩትን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ። ቪዲዮ የቀረጸ ሰው እንዳለም አይቻለሁ።

የልጆች መጽሐፍ ጽፌያለሁ። (ካልሰማችሁ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ ሳምንቱን ሙሉ ፖስት ሳደርግ ነበር።) ሥዕሉም የእኔ ነው። «ሙኒራ ለምን አለቀሰች?» ይባላል። ልጅ ሲተኛ የሚነበብ፣ የሚያስቅ ነገር ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ሕፃኗ ሙኒራ ታለቅሳለች። አባቷ እንደ ፍየል ይጮህላታል። አጎቷ የባጃጁን ክላክስ ያስጮህላታል። ጎረቤት ዶሮ ይዞ ይመጣል። አያቷ ጥምጣማቸውን ፈትተው ያወዛውዙላታል። እሷ ግን ወይ ፍንክች። መጨረሻ ላይ ደክሟት ትተኛለች፣ ለምን እንዳለቀሰች ማንም አያውቅም።

ቀልዱ እዚያ ላይ ነው። ነበር ማለቴ ነው።

ጠዋት ደሴ፣ ሆጤ ካለው ቤታችን ተነስተን የሀረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድን፤ እኔ፣ ባለቤቴ ዘሀራ፣ የአስር ወር ልጃችን ሀያትና ሁለት ካርቶን መጽሐፍ። ያነበብኩት አንድ መዋዕለ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው። እናቶች ከነልጆቻቸው ሞልተውታል፣ ከኋላ የቆሙም ነበሩ። እኔ ኮት ለብሻለሁ። በኮምቦልቻ ሙቀት፣ ኮት። ደራሲ ነኛ።

እውነቱን ልናገር፣ አሪፍ አነበብኩ። ፍየሉ ላይ ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ዶሮው ላይ አንዷ እናት እንባዋን ጠረገች። ለዚህ ነው የተፈጠርኩት አልኩ በልቤ።

መጽሐፉን ዘጋሁና ቤት በተለማመድኩት ድምፅ ጠየቅኩ፤ «ታዲያ ሙኒራ ለምን አለቀሰች?»

መልስ ፈልጌ አልነበረም። ወላሂ አልፈለግኩም።

ከፊት የልጅ ልጃቸውን ያቀፉ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። እማ ከድጃ ይሏቸዋል። «ልጄ፣ ዳይፐሯን ያየላት አለ?» አሉኝ።

«አቤት?»

«ዳይፐሯን። ፍየሉንም ዶሮውንም አየሁ። ዳይፐሯን የነካ ሰው ግን አላየሁም።»

ሰው ሁሉ እያየኝ ገጾቹን መልሼ ገለጥኩ። ሃያ አራት ገጽ። አንድም ሰው አላየላትም።

«ልጅ የለህም?» አሉ እማ ከድጃ፣ ከልባቸው አዝነውልኝ።

«አለችኝ፣ እማ። ያቻት ከእናቷ ጋር።»

«ማሻአላህ። ቀይረህላት ታውቃለህ?»

ዘሀራን አየኋት። «አውጪኝ» የሚል አስተያየት ነበር ያየኋት። እሷም በእርጋታ መለሰችልኝ፤ «እሱ መጽሐፉን እየጻፈ ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

አዎ፣ አስር ወር ሙሉ። አንድ ቀን አልቀየርኩም። በቃ፣ አሁን እናንተም አወቃችሁ።

«አልሐምዱሊላህ፣ አሁንማ ጨርሷል» አሉ እማ ከድጃ።

ሀያትም ሰዓቷን ጠብቃ ማልቀስ ጀመረች።

ዘሀራ መጣችና ልጅቷን እጄ ላይ፣ ዳይፐሮቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ኮቴን አወለቅኩ። እንደ ፍየል ልጮህላት አስቤ ነበር፤ እማ ከድጃ ሲያዩኝ ተውኩት።

የመጀመሪያውን ዳይፐር የኋላውን ወደ ፊት አደረግኩት። ሁለተኛውን ስዘረጋ ሀያት ሸናች። እጅጌዬ ላይ፣ ከዚያም አጠገባችን ባለው መጽሐፍ ላይ። ልክ የደራሲው ስም ላይ።

«አብሽር» አሉኝ እማ ከድጃ። «ሁለቱን እግሯን በአንድ እጅህ ያዝ። እንደሱ። አትፍራት።»

በሦስተኛው ተሳካ። ሀያት ዝም አለች፣ ከዚያ አየችኝና ሳቀች። ክፍሉ አጨበጨበልኝ፤ ለመጽሐፉ ካጨበጨበው በላይ።

መጽሐፉም ተሸጦ አለቀ። የተሸናበት ሲቀር።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ዘሀራን «ምናለ አስቀድመሽ ብትነግሪኝ?» አልኳት።

«ነግሬህ ነበር። ረቂቁን ስታነብልኝ ዳይፐሯን ይዩላት እንጂ አልኩህ። ታሪኩን ያሳጥርብኛል አልከኝ።»

ብያለሁ። እንዳለችው ነው።

ለካ እሷ መኝታ ቤት በቀን ስምንቴ ታሪኩን ስታሳጥር፣ እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ሳስረዝም ነበር። ልጅቷን ተቀበልኳትና እስከ ደሴ እኔ ይዣት ወጣሁ።

ቤት ከገባን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ዘሀራ ያረመችኝ አንዱን ብቻ ነው። መጽሐፉ ድጋሚ ሲታተም አንድ ገጽ ይጨመራል፤ አባትየው የት እንደሚያይ ያውቃል።

እስኪ አባቶች፣ እንደኔ የሆናችሁ ኮመንት ላይ እጅ አውጡ። ባለቤታችሁ አጠገባችሁ ካለች ግን ተዉት፣ ይገባኛል።